የአስናቀ እህት

(ከጅቡቲ ወደ ታጁራ በምትሻገር ጀልባ ላይኛው ወለል፣ ረፋድ ላይ፤ የድሬዳዋው ልብስ ሰፊ አስናቀ ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ነጋዴዋ ሚስቱ የትናየት ደግሞ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።)

አስናቀ፦ እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻይሽን ያለ ስኳር እንደምትጠጪ ያ ሻይ ሻጭ በምን አወቀ?

የትናየት፦ ስለነገርኩት።

አስናቀ፦ ዛሬ አልነገርሽውም፣ አጠገብሽ ነበርኩ። ለአንቺ ሳይጠይቅ አመጣልሽ፤ እኔን ግን «ስንት ማንኪያ?» አለኝ።

የትናየት፦ አንተ ዛሬ ገና መሳፈርህ ነዋ። እኔ ስንት ዓመት በዚህች ጀልባ ተመላለስኩ። በርበሬና ሽሮ ይዤ ስሄድ፣ ድሪያ ቀሚስና ሽቶ ይዤ ስመለስ፣ ሻይ የሚያጠጣኝ እሱ ነው። ባያውቅ ነበር የሚገርመኝ።

አስናቀ፦ እኔ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የትናየት፦ አንተማ ሁለት ዓመት ሙሉ ስኳር እየጨመርክ ስትሰጠኝ በይሉኝታ ስጠጣ ከረምኩ። የኔ ጥፋት አታድርገው።

አስናቀ፦ ወንበሩስ?

የትናየት፦ የቱ ወንበር?

አስናቀ፦ የተቀመጥሽበት። ሰው ሁሉ ብረት ላይ ተደርድሯል፣ እኔ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። አንቺ ግን ገና ደረጃውን ሳትጨርሺ ጥላው ሥር ወንበር ተዘረጋልሽ።

የትናየት፦ ልልቀቅልህ? ና ተቀመጥበት።

አስናቀ፦ አልፈልግም። ለአንቺ የተዘረጋ ነው።

የትናየት፦ አቦ አስናቀ፣ እረፍት ብለን እኮ ነው የወጣነው። ልጅቷን እናትህ ጋ ትተን፣ አንተም የስፌት መኪናህን ሸፍነህ፣ ስንት ጊዜ ለምኜህ። አንድ ቀን ታጁራ እናድራለን፣ ዓሣ እንበላለን፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን እንመለሳለን። እስቲ ባሕሩን እየው።

አስናቀ፦ ባሕሩን አላይም። ባሕሩን ካየሁ ቁርሴ ይመጣል።

የትናየት፦ ስለዚህ ሰው ስታይ አረፈድክ።

አስናቀ፦ አዎ፣ ሰው ሳይ አረፈድኩ። ያ የጀልባዋ ሞተረኛ፣ እጁ በግራሶ የተለወሰው፣ አንቺን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ፣ ደግሞ ጠርጎ ነው የጨበጠሽ። እኔን በክርኑ ነው ሰላም ያለኝ።

የትናየት፦ ምንተስኖት ነው፣ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ልጅ፣ ያገራችን ሰው። ቀሚሴን እንዳያቆሽሽብኝ ብሎ ነው።

አስናቀ፦ የኔስ ሸሚዝ?

የትናየት፦ ያንተ ሸሚዝ ጃኬቱ ውስጥ ነው፤ ማን አየው?

አስናቀ፦ ስሙንም ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ።

የትናየት፦ ብትጠይቀኝ ኖሮስ ምን ልትል ነበር?

አስናቀ፦ ምነው ቶሎ መለስሽ እልሽ ነበር።

የትናየት፦ ራስህን ታውቃለህ፣ እሱ ጥሩ ነው።

አስናቀ፦ ቀሚሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዳንቴሉን ስሰፋበት ስንት ቀን ዓይኔን አጠፋሁ። ሌላ ሰው እንዳያቆሽሸው እጁን ይጠርግልኛል።

የትናየት፦ ስማኝ አስናቀ። ቤት የተባባልነውን አትርሳ። «ይሄን ንግድ ተይው፣ ወንዶች መሀል ምን ትሠሪያለሽ» ስትለኝ ከረምክ። ና አብረን እንሂድና በዓይንህ እይ አልኩህ። ነውር ካየህብኝ ንግዱን እተዋለሁ፤ ካላየህ ሁለተኛ አታነሳብኝም። በእናትህ ፊት ነው የተማማልነው።

አስናቀ፦ አልረሳሁም። እንዲያውም ለሱ ነው የምናገረው። አይቻለሁ።

የትናየት፦ ምን አየህ? ስኳር የሌለው ሻይ?

አስናቀ፦ ሰምቻለሁም።

የትናየት፦ ከማን?

አስናቀ፦ ቅድም ታች የወረድኩት ውሃ ልጠጣ ብዬ አልነበረም።

የትናየት፦ አውቄያለሁ። ውሃው እዚሁ እግርህ ሥር ነበር።

አስናቀ፦ ወርጄ ከሻይ ሻጩና ከሞተረኛው ጋር ጨዋታ ጀመርኩ። «ከየትናየት ጋር ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ምኗ ነህ?» አሉኝ።

የትናየት፦ ባሏ ነኝ አልክ።

አስናቀ፦ ባሏ ነኝ ካልኩ ማን እውነቱን ይነግረኛል? ወንድሟ ነኝ አልኩ።

የትናየት፦ ምን አልክ?

አስናቀ፦ ወንድሟ። ታላቅ ወንድሟ።

የትናየት፦ አስናቀ።

አስናቀ፦ አትሳቂ።

የትናየት፦ አልሳቅኩም። ደንግጬ ነው እንዲህ የሆንኩት።

አስናቀ፦ መደንገጥሽ ራሱ አንድ ነገር ነው። ልቀጥል?

የትናየት፦ ቀጥል።

አስናቀ፦ ሞተረኛው ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጽናችሁ» አለኝ። ምን ሆነን ነው ልል ስል፣ «ባሏን ባናውቀውም እኛም አዝነንለታል። በልጅነቱ ተቀጨ» አለኝ።

የትናየት፦ እ።

አስናቀ፦ የትናየት፣ እኔ ሞቻለሁ?

የትናየት፦ እዚህ ጀልባ ላይ ብቻ ነው።

አስናቀ፦ በምን ሞትኩ?

የትናየት፦ አልነገሩህም?

አስናቀ፦ ነግረውኛል። ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።

የትናየት፦ በጉበት።

አስናቀ፦ ጠላ እንኳ የማልቀምስ ሰውዬ በጉበት። የሰማ ሁሉ ሰካራም ነበር ነው የሚለው።

የትናየት፦ በወፍ በሽታ ነው ያልኳቸው፣ በመጠጥ አላልኩም። ስምህን ጠብቄያለሁ።

አስናቀ፦ በቁሜ ቀብረሽኝ ስሜን ጠበቅሽልኝ። ጥቁር እንኳ አልለበስሽልኝም።

የትናየት፦ ለብሻለሁ። ያ ጥቁር ሻርፕ ትዝ ይልሃል?

አስናቀ፦ ማን ሰጠሽ ብዬ የተጣላሁሽ?

የትናየት፦ ራሴ ገዝቼው ነው። ላንተ ነበር።

አስናቀ፦ ለምንድን ነው ግን የገደልሽኝ? ምን አደረግኩሽ?

የትናየት፦ መጀመሪያ ባል አለኝ ነበር የምላቸው። «የታለ?» ይሉኛል። ልብስ ሰፊ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል እላለሁ። በሚቀጥለውም ጉዞ «የታለ?» ነው። ባል ያላት ሴት ብቻዋን ባሕር ስትሻገር ሰው ምን እንደሚያስብ አንተ ታውቃለህ፤ አንተም ያንኑ ነው የምታስበው። አንዱ እቃሽን ልያዝልሽ ብሎ ይጠጋኛል፣ ሌላው ስልክሽን ስጪኝ ይለኛል። ና አብረን እንሂድ ስልህ ደግሞ ውሃ እፈራለሁ ትላለህ። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ እዚችው ደረጃ ላይ መንገድ ዘግቶ «ባልሽ ፈቶሻል፣ አትዋሺ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ሞቷል አልኩት። አፉን ያዘ። ከዚያን ቀን ወዲህ የደፈረኝ የለም፤ ወንበርም ይዘረጋልኛል፣ ሻዬም ሳልጠይቅ ይመጣልኛል።

አስናቀ፦ ኖሬ ያላስከበርኩሽን ሞቼ አስከበርኩሽ።

የትናየት፦ እኔ አላልኩም። አንተ ነህ ያልከው።

አስናቀ፦ አለቀስሽ?

የትናየት፦ መቼ?

አስናቀ፦ ስሞት።

የትናየት፦ ታጁራ ስደርስ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ክፉ አፍ ነው ያለኝ አልኩ። ወዲያው ደወልኩልህ። ደህና ነህ ወይ፣ ምንም አልሆንክም ወይ እያልኩ ስጨቀጭቅህ «ምን አጥፍተሽ ነው እንዲህ የምትጨነቂልኝ?» አልከኝ።

አስናቀ፦ አስታውሳለሁ። ሲነጋም ያንኑ ነበር የማስበው።

የትናየት፦ ያንን ስልክ ስዘጋ ሁለተኛ ሞትክብኝ።

አስናቀ፦ እሺ፣ ስለ ሟቹ ያሉኝን ልንገርሽ? ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር አሉ። ከመንገድ ስትመጣ ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ይቀበላት፣ እቃዋን ተሸክሞላት ይገባ ነበር አሉ። «እንደሱ ያለ ባል ከየት ይገኛል ትለናለች» አለኝ ሻይ ሻጩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሰውዬው አስቀናኝ።

የትናየት፦ አንተ እኮ ነህ።

አስናቀ፦ እኔ ባቡር ጣቢያ መጥቼ አላውቅም።

የትናየት፦ ታውቃለህ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲመታህ ጠብቀኸኝ፣ መርፌው ኮትህ ላይ እንደተሰካ ነበር። በኋላ ነው «ማን ሸኘሽ?» እያልክ ቤት ቁጭ ብለህ መጠበቅ የጀመርከው።

አስናቀ፦ ይሄን ሁሉ ምስጋና በሕይወቴ እያለሁ አንድ ቀን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?

የትናየት፦ ብነግርህ «ማን አስተማረሽ?» ትለኛለህ።

አስናቀ፦ እል ነበር። እውነት ነው።

የትናየት፦ ቆይ ግን። ወንድሟ ነኝ ካልካቸው በኋላ ምን ሆነ? ብዙ ነው የቆየኸው።

አስናቀ፦ ሞተረኛው ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ሊሸሽ ነው ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ባሕር መሀል የት እንደሚሸሽ እንጃ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

የትናየት፦ የምን ሽማግሌዎች?

አስናቀ፦ ስንሳፈር ከፊታችን የነበሩት፣ ታጁራ ሱቅ ያላቸው ያገራችን ሰዎች። ጋሽ ደምሰው የሚሏቸውና ከዘራ የያዙት። በዚህ ሙቀት ነጠላ አጣፍተው መጡ።

የትናየት፦ ነጠላ።

አስናቀ፦ ከሻንጣ ያወጡት መሰለኝ፣ እጥፋቱ ገና አልተፈታም።

የትናየት፦ እሺ። ከዚያ?

አስናቀ፦ ፊቴ ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው አይሆንም አሉ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ቆመን እንናገር አሉኝ።

የትናየት፦ ቆመው።

አስናቀ፦ ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ሽማግሌ ቆሞ እኔ ጎልማሳው ተቀምጬ። ነውር ነው ብዬ «በእናታችሁ ተቀመጡ፣ ጉዳያችሁ ምንም ይሁን እሺ ብያለሁ» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ። ደስ አላቸው።

የትናየት፦ «እሺ ብያለሁ» አልካቸው።

አስናቀ፦ ለማስቀመጥ ያህል ነው እንጂ።

የትናየት፦ ምን አሉህ ታዲያ?

አስናቀ፦ «እኛ ዝምድና ፈልገን ነው» አሉ። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ዘመድ ይናፍቀዋል ብዬ፣ እኛም ደስ ይለናል አልኩ። ልቤ ግን እነሱ ጋ አልነበረም፤ ዓይኔ ያ ሞተረኛ ላይ ነበር።

የትናየት፦ እሱ ምን ያደርጋል?

አስናቀ፦ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እጁን ታጥቧል፣ ሸሚዝ ቀይሯል። አዲስ ሸሚዝ ነው፤ ከኮሌታው ሥር ካርቶኑን እንኳ አላወጣውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይታየኛል። ጀልባ ላይ አዲስ ሸሚዝ አስቀምጦ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። እንዲህ የሚቆም ጥፋተኛ ሰው ነው ብዬ ያዝኩበት።

የትናየት፦ ሽማግሌዎቹ ሌላ ምን ጠየቁህ?

አስናቀ፦ ስለ አንቺ ነው። ልጅ አላት ወይ አሉ፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት አልኩ። ጋሽ ደምሰው «እንደ ልጁ አድርጎ ያሳድጋታል» አሉኝ። ማን እንደሆነ አልገባኝም፣ ብቻ ደግ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ።

የትናየት፦ ወይ አስናቀ።

አስናቀ፦ ቆይ ልጨርስ። ከዚያ ዘሯን ቁጠርልን አሉኝ።

የትናየት፦ ቆጠርክላቸው?

አስናቀ፦ ወንድሟ ነኝ ብዬ አላውቀውም ልበል? እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። በአባትሽም በእናትሽም።

የትናየት፦ ሰባቱንም?

አስናቀ፦ ሰባቱንም። አንቺን ያስጠየቅኩ ጊዜ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቆጠሩትን ሽማግሌዎቼ መጥተው ነገሩኝ። ያን ጊዜ የያዝኩት አንዱም አልጠፋኝም።

የትናየት፦ እኔ ራሴ አራተኛው ላይ ነው የምጠፋው።

አስናቀ፦ አራተኛው አይተንፍሱ ናቸው።

የትናየት፦ ይሄን ሁሉ ዓመት ይዘኸው ኖርክ።

አስናቀ፦ ምን ላድርገው? ይጠቅመኛል ብዬ አይደለም። መቀስ ስይዝ፣ ልብስ ስቆርጥ፣ ዝም ብሎ ይመጣልኛል።

የትናየት፦ ሌላው ነገር ግን ምንም አልመጣልህም።

አስናቀ፦ ምኑ?

የትናየት፦ አስናቀ፣ ያንተ ሽማግሌዎች አባቴ ቤት እንዴት ነበር የመጡት?

አስናቀ፦ እንዴት ይመጣሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። አባትሽ ተቀመጡ ሲሏቸው አይሆንም፣ ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም ብለው ቆመው...

የትናየት፦ ቀጥል።

አስናቀ፦ ዝምድና ፈልገን ነው ብለው...

የትናየት፦ ሻዩን ጠጣበት። ይቀዘቅዛል።

አስናቀ፦ የትናየት፣ እኔ ሚስቴን ዳርኩ?

የትናየት፦ ገና ነው። እሺ ብለህ አስቀመጥካቸው፣ ዘሬን ቆጠርክላቸው፣ ለልጅህም አባት ተገኘላት። የቀረው ቀን መቁረጥ ነው።

አስናቀ፦ ቀን።

የትናየት፦ ስለ ቀንም ተነጋግራችኋል?

አስናቀ፦ «መቼ እንገናኝ?» አሉኝ። ከመውረዳችን በፊት ወደ ላይ ብቅ በሉና እንጫወት አልኳቸው።

የትናየት፦ እንግዲህ ይመጣሉ።

አስናቀ፦ ያ ሁሉ አንገት መድፋት የጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው።

የትናየት፦ የሙሽራ ነው።

አስናቀ፦ አሁን ወርጄ አሳየዋለሁ።

የትናየት፦ ምኑን? ሽማግሌ ልኮ፣ በደንቡ፣ ወንድሜን ያስጠየቀን ሰው ምን ልታደርገው ነው? እጁን እንኳ ሳይጠርግ አይጨብጠኝም፣ አንተው አይተሃል። ካየኸው ነውር አንዱ ይሄ ከሆነ ንገረኝ።

አስናቀ፦ እንደሚፈልግሽ ታውቂ ነበር?

የትናየት፦ እጠረጥር ነበር። አንዴ «አባት ወይም ወንድም የለሽም?» ብሎኛል። በቅርብ የለኝም አልኩት። የሚያስጠይቅበት አጥቶ በዚያው ቀረ። ሸሚዙንም ያኔ ነው የገዛው ይሆናል። ዛሬ አንተ ከሰማይ ዱብ አልክለት።

አስናቀ፦ ደስ ብሎሻል?

የትናየት፦ እውነቱን ልንገርህ?

አስናቀ፦ አትንገሪኝ። እሺ ንገሪኝ።

የትናየት፦ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ማን ጋ ነበርሽ ሳልባል፣ እንዲያው በክብር ከተጠየቅኩ ቆይቷል።

አስናቀ፦ አንጀቴን አቃጠልሽው።

የትናየት፦ አውቃለሁ። የኔም ስንት ዓመት ሲቃጠል ኖሯል።

አስናቀ፦ ሲመጡ ባሏ ነኝ እላቸዋለሁ፣ አለቀ።

የትናየት፦ በላቸው። እውነት ነው፣ ማን ይከለክልሃል? ብቻ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስብ። ሽማግሌዎቹ ነጠላ አጣፍተው መሳቂያ ሆኑ። ምንተስኖትም ያገር መጫወቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ባሌን በቁሙ የገደልኩ ውሸታም ሆንኩ። ከዚህ በኋላ በምን ፊቴ እዚህች ጀልባ ላይ እወጣለሁ? የታጁራ ደንበኞቼም ከጋሽ ደምሰው አፍ ይሰሙታል። ንግዴ በአንድ ቃል አበቃ። አንተም ስትመኘው የኖርከውን አገኘህ፤ ድሬዳዋ ቤትህ ቁጭ እልልሃለሁ።

አስናቀ፦ ቁጭ ብለሽስ?

የትናየት፦ ቁጭ ብዬማ አንተን አያለሁ። ጠዋት አይሃለሁ፣ ማታ አይሃለሁ። ሌላ የማየው ነገር አይኖረኝም።

አስናቀ፦ እንዲህ ስትይው ያስፈራል።

የትናየት፦ ያስፈራ።

አስናቀ፦ ሌላ መላ የለውም?

የትናየት፦ አለው። ወንድሜ እንደሆንክ ትመልስላቸዋለህ።

አስናቀ፦ አልሰጥም ልበል?

የትናየት፦ እሺ ብለህ አስቀምጠህ፣ ዘር ቆጥረህ፣ አልሰጥም? ያው ማዋረድ ነው።

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ልበል?

የትናየት፦ «እህቴ ትልቅ ሰው ናት፤ ለራሷ የሚበጃትን እሷ ታውቃለች» በላቸው። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደኔ ያዞራሉ፣ ማንም አይዋረድም።

አስናቀ፦ ያንን ብቻ?

የትናየት፦ ያንን ብቻ። ከባልነትህ አላገኘሁትም፤ እስቲ ወንድሜ ሆነህ በለው።

አስናቀ፦ እሷ ታውቃለች።

የትናየት፦ እንዲህ ተጨንቀህ አይደለም። ትንሽ ፊትህን ፈታ አድርገው።

አስናቀ፦ ደረጃው ላይ ናቸው መሰለኝ፣ ከዘራው ይሰማኛል። ያም ሰውዬ ከኋላቸው ነው። ካርቶኑን አውጥቶታል።

የትናየት፦ ጃኬቱን አውልቀው። ወንድሟ ፈሪ ነው እንዳይሉኝ።

አስናቀ፦ ውሃ ውስጥ ብወድቅስ?

የትናየት፦ አወጣሃለሁ። መዋኘት እችላለሁ።

አስናቀ፦ መዋኘት ማን አስተማ...

የትናየት፦ አስናቀ።

አስናቀ፦ ተውኩት። ይኸው አወለቅኩ። «እሷ ታውቃለች» እላቸዋለሁ፣ እሺ። ግን ወደ አንቺ ሲዞሩ ምን ልትያቸው ነው?

የትናየት፦ እሱን እኔ አውቃለሁ። አሁን ተነስ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ አስቀምጣቸው።